ክብርት ኮማንደርና ሦስቱ ተበዳዮች

በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ፖሊስ አለ፤ መንግሥት የሾመውና ራሱን የሾመ። መንግሥት የሾመው ፈረቃው ሲያልቅ ቤቱ ይገባል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ እንደ ሰው ይተኛል። ራሱን የሾመው ግን ፈረቃ የለውም። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። በእናንተ ሰፈር ከሌለ፣ ምናልባት እሱ እናንተው ናችሁ።

ለልብስ ሰፊው ለጋሽ ሜትር ሰፈር የደረሰችው ከሱቃቸው ጋር ግድግዳ የምትጋራ የፎቶ ኮፒ ቤት ሠራተኛ ናት። ቁመቷ መካከለኛ፣ ድምፅዋ ግን ከቁመቷ በብዙ የሚበልጥ ወጣት። እናቷ ያወጣችላት ስም አላት፤ ሰፈሩ የሚያውቃት ግን «ኮማንደር» በሚለው ነው። ማዕረጉ የተሰጣት ለቀልድ ነበር፤ እሷ ከምሯ ተቀበለችው።

ነገሩ የጀመረው በድብብቆሽ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ እንዲቆጥር የታዘዘ ልጅ በጣቶቹ መሃል ካጮለቀ ጨዋታው ይቆማል፣ ምርመራ ይከፈታል፣ ጥፋተኛውም ተይዞ እናቱ ፊት ይቀርባል። «ሕግ ዘመድ የለውም!» ትላለች የሰባት ዓመቷ ኮማንደር። ይህን አባባል የፈጠረችው እሷ አይደለችም፤ ከምር በሥራ ላይ ያዋለችው ግን በዚያ ሰፈር እሷ ብቻ ናት። አድጋ የገዛ አጎቷ ያለ መንጃ ፈቃድ በሞተር ብስክሌት ሊጠይቃቸው ሲመጣ፣ በር ላይ ቆማ ቁልፉን ተቀበለችው። ምሳውን አቅርባ፣ አጉርሳ፣ ስቃ አጫውታ በእግሩ ሸኘችው። አጎትዬው እስከ ዛሬ ቤታቸው ሲመጣ በአውቶቡስ ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ወረቀት ትገለብጣለች ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ተሳስቷል። ወረቀት ትመረምራለች። አንድ ጎረምሳ የፈተና ውጤቱን በእስክሪብቶ አሳምሮ ሊያስባዛ ቢመጣ፣ ብርሃን ላይ ዘርግታ አየችውና «ወንድሜ፣ ይሄ ዘጠኝ ትናንት አራት ነበር» አለችው። ልጁ ወረቀቱን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። የሱቁ ባለቤት «ደንበኛ አባረርሽብኝ!» ብሎ ሲጮህባት፣ «ደንበኛ አይደለም፣ ተጠርጣሪ ነው» ብላ ቀጣዩን ጠራች።

ከሁሉም የመረራቸው ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ባለ ሚኒባሱ ሾፌር ነው፤ መኪናውን የቅያሱ አፍ ላይ አቁሞ በተሰወረ ቁጥር ጣቢያ ድረስ ሄዳ ታመለክትበታለች። ሁለተኛዋ ፎቅ ላይ የሚኖሩት እትዬ ባልዲ ናቸው፤ የዕቃ እጣቢ ከሰገነት ወደ መንገድ መድፋት ከወላጆቻቸው የወረሱት መብት ይመስላቸው ነበር። ሦስተኛው ራሳቸው ጋሽ ሜትር ናቸው። ኮት አልብሰው ከሱቃቸው ፊት የሚያቆሟትን አሻንጉሊት በግድ አስገብታባቸዋለች። ያለቻቸውን ቃል በቃል ያስታውሱታል። «ጋሽዬ፣ የእግረኛ መንገድ ለእግረኛ ነው፤ ይቺ ደግሞ እግርም የላት።»

ክብርት ኮማንደር ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ እውነተኛ ፖሊስ መሆን። ባለፈው ዓመት ተመዝግባ የጽሑፍ ፈተናውን በከፍተኛ ነጥብ አለፈች። ሩጫው ላይ ግን ከፊቷ የነበረ አንድ እጩ ኩርባውን በሣሩ አቋርጦ ሲገባ ዓይኗ አየ። ሌላ ሰው ቢሆን አንጀቱ እያረረ ሩጫውን ይቀጥላል። እሷ መስመሯን ትታ ልጁን አባረረችው፣ ያዘችው፣ ክንዱን ጨብጣ ፈታኙ ፊት አቀረበችው። ልጁ በማጭበርበር ወደቀ፣ እሷ በሰዓት ወደቀች። ሰፈሩ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያለ ሳቀባት። እሷ ያንን ቀን የምታነሳው «መጀመሪያ ያሰርኩት ሰው» እያለች በኩራት ነው።

ዘንድሮ ሁሉንም አለፈች። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስለ ጠባይዋ የሚመሰክሩ ሦስት ጎረቤቶች። ይህ ካልተሳካ በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዋ ከገደቡ ስለሚያልፍ ነገሩ ለዘለዓለም አበቃ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጋሽ ሜትር ሱሪ እየተኮሱ ሳለ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሽዬ፣ ስምዎን አስመዝግቤያለሁ።»

ጋሽ ሜትር ካውያውን ብድግ አደረጉ። «ደግሞ ምን አጠፋሁ? አሻንጉሊቷ ይኸው ውስጥ ናት!»

«ለክስ አይደለም፣ ለምስክርነት ነው። ስለ እኔ የሚጠይቅ ሳጅን ይመጣል።»

«ስለ አንቺ? እኔ? ከእኔ ሌላ ማንን አስመዘገብሽ?»

«ሾፌሩንና እትዬ ባልዲን።»

ጋሽ ሜትር ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። «ልጄ፣ ደህና ነሽ? በዚህ ሁሉ ሰፈር ውስጥ የሚወድሽ ሰው አጥተሽ ነው?»

«የሚወደኝ ያዳላል። ምስክርነት የሚታመነው ከተበደለ ሰው ሲሰማ ነው። ከእናንተ የበለጠ የተበደለ ደግሞ የለም፤ አስቤበታለሁ።» ልትወጣ ስትል ዞር አለች። «እውነቱን ብቻ ይናገሩ፣ ጋሽዬ። ጨምረው ካሞገሱኝ እኔው ራሴ አመለክትብዎታለሁ።»

ከሰዓት በኋላ እናቷ መጡ። ሴትዮዋ ልጃቸው በየምሽቱ ምድጃው መጥፋቱን ሦስቴ ስለምታረጋግጥባቸው በገዛ ቤታቸው እንደ እስረኛ መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል። ግን እናት እናት ናት። የነጠላቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ «ወንድሜ፣ የመጨረሻ ዕድሏ ነው» አሉ። «ካለዚህ ሥራ ሌላ ሕልም የላትም። ሌሊት በሕልሟ እንኳ 'መታወቂያ' ነው የምትለው። እባክህ ክፉ አትናገርባት።»

ማምሻውን ሦስቱ ተበዳዮች በልብስ ስፌቱ ቤት ለምክር ተቀመጡ።

«ያለ ደንብ ልብስ እንዲህ ያንገበገበችን፣ ደንብ ልብስ ለብሳ ምን ልታደርገን ነው?» አሉ እትዬ ባልዲ። «የማውቀውን ሁሉ ዘርግፌ እነግረዋለሁ!»

«እትዬ፣ ተረጋጉ እንጂ» አለ ሾፌሩ፣ ዓይኑ እያበራ። «ካለፈች እኮ ሥልጠና ትገባለች። ከሥልጠና በኋላ ደግሞ ሌላ ከተማ ነው የሚመድቧት። ገባዎት? ትሄዳለች! እናሞግሳት። እስክትሄድ እናሞግሳት።»

እትዬ ባልዲ ቀስ ብለው «ለነገሩ መልአክ የመሰለች ልጅ ናት» አሉ። በዚሁ ተስማምተው ተለያዩ። ጋሽ ሜትርም ተስማሙ፤ ግን ሐሳቡ የሾፌሩ ስለሆነ ይሁን ሌላ፣ ደስ አላላቸውም።

ሳጅኑ ረጅም፣ ቀጭንና ብዙ የማይናገር ሰው ነው። መጀመሪያ ሾፌሩን አነጋገረ፣ ቀጥሎ ፎቅ ወጣ። ጋሽ ሜትር ዘንድ ሲደርስ ፊቱ እንደ ጠዋት ደመና ጠቁሯል። የቀረበለትን ወንበር እንኳ አልተቀመጠበትም።

«ጋሼ፣ እኔ ጊዜ ማጥፋት አልወድም» አለ። «ይህችን ልጅ ጣቢያችን በሙሉ ያውቃታል። አቤቱታ ይዛ ያልመጣችበት ሳምንት የለም። አሁን ሾፌሩ 'ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም' አለኝ። ሴትዮዋ 'ከሰው ጋር ተጋጭታ አታውቅም፣ ርግብ ናት' አሉኝ። ሁለቱም ሲያወሩ ወደ መሬት ነው የሚያዩት። ስለዚህ ወይ ፈርተዋታል፣ ወይ አባብላቸዋለች። ምስክር የምታስዋሽ ሰው መለዮ አትለብስም። እርስዎም ይህንኑ የሚደግሙልኝ ከሆነ እዚሁ ይብቃን።»

ጋሽ ሜትር ሌሊቱን ያዘጋጁት ንግግር ከርግብም አልፎ ስለ ጠቦት በግ የሚያወራ ነበር። ያንን ቢሉ ልጅቷ ቀረች። እውነቱን ቢሉ ደግሞ፣ እውነቱ ክስ ብቻ ሆኖ ታያቸው፤ ያም ቢሆን ቀረች። የእናትየው ፊት ደግሞ ትዝ አላቸው።

«ርግብ?» አሉ በመጨረሻ። ቃሏ ራሷ አናደደቻቸው። «ማን ነው እሷን ርግብ ያለ? እኔን ጠይቀኝ! አሻንጉሊቴን ከመንገድ አስገብታ ገበያዬን ገድላብኛለች! ሻይ ይዤ ስሻገር እንኳ 'ጋሽዬ፣ ዜብራው ወዲያ ነው' ትለኛለች! አንድ ጊዜ ደግሞ… ተወው፣ እሱን ባነሳው ደሜ ይፈላል።»

«ያንሱት» አለ ሳጅኑ፣ አሁን ተቀምጦ።

«ከዚህ ከሱቄ አንድ ሌባ የሙሽራ ሱፍ መንትፎ ሮጠ። ነገ ጠዋት የሚለበስ ሱፍ! ሰፈሩ ተጯጩሆ ቅያሱ ጫፍ ላይ ጣለው። ዱላ የያዘ ዱላ፣ ድንጋይ የያዘ ድንጋይ ይዞ ሲከበው እሷ ከየት መጣች ሳትባል መሃል ገብታ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ተቀመጠችበት!»

«ማን ላይ?»

«ሌባው ላይ ነዋ! ወንበር ይመስል! 'ሌባም ቢሆን ፍርድ ቤት ይየው፤ የሚነካው ካለ በእኔ ላይ አልፎ ነው' አለች። የሾፌሩ ዱላ ሳይታሰብ ክንዷ ላይ አረፈ። ንቅንቅ አላለችም እኮ! ከሥሯ ያለው ሌባ ያለቅሳል፣ እሷ 'አይዞህ፣ አትንቀሳቀስ' ትለዋለች። ያስጣለችው ከማን ነው? ከእኛ! ከተሰረቅነው! ፖሊስ እስኪመጣ እንዲያ ቆየች። ከዚያ ሾፌሩን 'ሰው መትተሃል' ብላ ራሷ ወደ ጣቢያ ወሰደችው፤ የሄዱት ደግሞ በገዛ ሚኒባሱ ነው፤ በተሰበረ ክንዷ እያመለከተች 'ቀበቶህን እሰር' ትለዋለች! እሺ፣ ይሁን፣ ሱፌን ስጪኝ አልኳት። ምን አለችኝ? 'ጋሽዬ፣ ማስረጃ ነው።' ሙሽራው በተዋሰው ኮት ተዳረ! በሰርጉ ፎቶ ላይ እጅጌው ክርኑ ጋ ነው! እኔ በዚያ ፎቶ ምክንያት ስንት…»

እዚህ ላይ ቆሙ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ጋሽ ሜትር ግን ያመለጣቸውን በገዛ ጆሯቸው ሰሙት። ያን ነገር ለደንበኛ ሁሉ ሲያወሩት ኖረዋል፣ ሁልጊዜም የሱፉ ታሪክ ነበር። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የልጅቷ ታሪክ ሆነባቸው።

«ስማ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጎረቤት እንድትሆን ለጠላቴም አልመኝ። ግን አንድ ቀን የእኔ ልጅ አጥፍቶ ሰው ዱላ ይዞ ቢከበው፣ እዚያ የምትደርሰው እሷ ብትሆን ነው የምወደው። ሌላ የምለው የለኝም።»

ሳጅኑ ተነሳ። «ሦስት ምስክር ይዤ መጣሁ፣ አንድ አገኘሁ» አለ። «አንዱ ይበቃል።» ወጥቶ ሲሄድ የአሻንጉሊቷን ኮት ቀና አድርጎላት ሄደ።

ክብርት ኮማንደር ሥልጠና ገባች። ሻንጣዋን ይዛ የወጣች ዕለት ሾፌሩ ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ ሸኛት፤ እንዳትመለስ ይሆናል። ማታውኑ ሚኒባሱን የቅያሱ አፍ ላይ ገተረው። እትዬ ባልዲ በማግስቱ ከሰገነታቸው እንደ ልባቸው ደፉ። ጋሽ ሜትርም አሻንጉሊታቸውን አውጥተው ፀሐይ አሞቋት። ሰፈሩ ተነፈሰ።

ተነፈሰና ምን ሆነ? ሾፌሩን የሚያስነሳው ስለጠፋ መኪናው ውስጥ ብቻውን ተኮፍሶ ይውላል፤ ከማን ጋር ይጨቃጨቅ? እትዬ ባልዲ ውሃውን ከመድፋታቸው በፊት የሚገስጽ ድምፅ እንደሚጠብቅ ሰው ቆም ይላሉ። ጋሽ ሜትር ደግሞ ከሰዓት በኋላ አንዲት ዓይነ ስውር ሴት በበትሯ አሻንጉሊቷን ስትነካ አዩና፣ ማንም ሳይናገራቸው አንስተው አስገቧት። «በእጅ የያዙት ወርቅ» አሉ ለራሳቸው፣ ምሳሌውን ግን አልጨረሱትም። ልጅቷ ናፍቃቸው ነበር። ለሾፌሩ ግን ይህን ከሚነግሩት ምላሳቸው ቢቆረጥ ይመርጣሉ።

ስለዚህ የማሠልጠኛው የቤተሰብ መጠየቂያ ቀን ሲመጣ ራሱ ሾፌሩ «እናቷን ላድርስ» አለ፣ እትዬ ባልዲ «አየር ልቀበል» አሉ፣ ጋሽ ሜትር «መንገዴ ነው» አሉ። አራቱም በሚኒባሱ ሄዱ፤ ሾፌሩ ሳይነግሩት ቀበቶውን አሰረ።

የማሠልጠኛው በር ላይ የሰው መዓት በፀሐይ ተሰልፏል። በሩን የሚጠብቁት ተረኛ ሠልጣኞች ናቸው። ከእነሱ አንዷ ቆብ እስከ ቅንድቧ የወረደባት፣ የሸሚዟ ትከሻ ክንዷ ላይ የተንጠለጠለ፣ ሱሪዋ ሁለት ሰው የሚያስገባ ልጅ ናት። ጋሽ ሜትር ከሩቅ ልብሱን አዩትና አመማቸው። ጠጋ ሲሉ ለባሿን አወቋት። ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ነበር የመጡት። ሰልፉን በጎን አልፈው ፈገግ እያሉ ፊቷ ቆሙ።

«ልጄ! እኛ ነን! እናትሽም መጥታለች፣ ይቺን ትከሻ ብቻ ልለካትና…»

ኮማንደር አየቻቸው። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ አገጯ ተንቀጠቀጠ፤ ማንም ያየ ሰው ዘላ ታቅፋቸዋለች ይላል። ከዚያ ተረከዟን ገጠመች።

«ጋሽዬ፣ ሰልፍ አለ።»

«እኔ እኮ…»

«ከኋላ ነው፣ ጋሽዬ።»

እትዬ ባልዲ «ጉድ በይ!» ብለው አጨበጨቡ። ሾፌሩ «አመሏን ትተዋለች ብላችሁ ነበር?» እያለ ራሱን ነቀነቀ። እናቷ በኀፍረት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ጋሽ ሜትር ግን ዞሩ፤ ያን ሁሉ ሰልፍ በጎን እያዩ፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ እስከ መጨረሻው ተጓዙ። ከፊታቸው የቆመ አንድ የማያውቁት ሰው፣ የሆነውን ከሩቅ አይቶ ኖሮ፣ «ይቅርታ አባቴ፣ እንዲህ ሊያመናጭቁዎ አይገባም ነበር» አላቸው።

«ምን ማለትህ ነው?» አሉ ጋሽ ሜትር ደረታቸውን ነፍተው። «አየሃት አይደል? እኔን እኮ ነው የመለሰችኝ! የእኛ ሰፈር ልጅ ናት።»