ጋሻ የወደቀበት በሬ

ሰው የሚደርበው የሚፈራውን አይቶ ነው። እኛ መንዞች ውርጭ እንፈራለንና የበግ ጠጉር ባና እንደርባለን። ሰማይ ላይ የሚዞሩት መንኮራኩሮች ደግሞ፣ ባያምኑኝም፣ የሚፈሩት ቁርጥራጭ ብረት ነው። የሰው ልጅ ያመጠቃቸው አሮጌ መንኮራኩሮች ተሰባብረው እዚያው ይከንፋሉ፤ የገብስ ፍሬ የምታህል ስብርባሪ ከጥይት ትፈጥናለች። ስለዚህ መንኮራኩሯን ስስ ብረት ያለብሷታል፤ ከሥሩም እሳት የማይበላው ጨርቅ ይደርባሉ። የመጣው ነገር ብረቱን ሲመታ ይበተናል፣ ብናኙን ጨርቁ ያስቀረዋል። መሐል ሜዳ ከተማ ፊዚክስ ሳስተምር ይህን ስናገር ተማሪዎቼ ያዛጉ ነበር። አልፈርድባቸውም።

ከዘመሮ ወዲያ ባለችው የትውልድ መንደሬ፣ መሬት በተደለደለ ሰሞን፣ ማሞና ደርበው የሚባሉ ጎረቤታሞች በድንበር ተጣሉ። ደርበው ንዴት ቢያንጨረጭረው በሰው ፊት «መዓት ከሰማይ ይውረድብህ!» አለው። ይህን ያላለ ማን አለ? እርስዎም ብለውት ያውቃሉ። በነጋታው ጠዋት፣ ውርጩ ሳይለቅ፣ የማሞ በሬ ወገቡ ተሰብሮ መስኩ ላይ ሞቶ ተገኘ። ተኩስ የሰማ የለም። ውርጩ ላይ የበሬው ኮቴ ብቻ እንጂ የሰው ዱካ አይታይም። አጠገቡ የሰፌድ ግማሽ የሚያህል ጠፍጣፋ ብረት መሬቱ ውስጥ ተሰክቷል። የመንደሩ ውሾች ከሩቅ ቆመው ያዩታል፤ አንዳቸውም አይጮሁም።

አውጫጭኝ ተጠራ። አገሬው በሙሉ ተቀምጦ ያየውን የሰማውን እስኪያወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ማሞ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ።

«በዚህ ብረት በሬዬን የገደለው ደርበው ነው። እናንተ ካላወጣችሁት እኔ አወጣዋለሁ» አለ።

ደርበው በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀው። እኔ ለበዓል ሄጄ ነበርና፣ የተማረ ይየው ተብሎ ብረቱ ተሰጠኝ። የብረቱ ፊት ፈንጣጣ እንደጎበኘው ሰው ተበሳስቷል። ጀርባው ላይ የተደራረበ ጨርቅ ተጣብቋል። ክብሪት ጫርኩበት፤ አልነደደም። ደስታዬን አልደብቅዎትም፤ ሰው ላድን ነው!

«ይሄን ሰው አልወረወረውም። ከሰማይ ነው የወደቀው። የመንኮራኩር ጋሻ ነው» አልኩ።

«ከምን የሚከላከል?» አሉ ሸንጎውን የሚመሩት አባ ተክሌ።

«ከሚበር ስብርባሪ።»

«ይሄስ ራሱ ምንድን ነው?»

«እሱማ... ስብርባሪ ነው፣ አባ።»

ማንም አልሳቀም። አባ ተክሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከሰማይ ለመውረዱ እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ።

«እምላለሁ!»

ሸንጎው ባንድ ጊዜ ወደ ደርበው ዞረ። ከጎኑ የተቀመጡት አንድ በአንድ ፈቀቅ አሉ። ያደረግሁት ነገር ያኔ ገባኝ፤ እርግማኑን በመሐላ አጸደቅሁት። ማሞ ጠመንጃውን መሬት ላይ አኑሮ ደርበው እግር ሥር ተደፋ።

«ድንበሩን ውሰደው። ብቻ ልጆቼን ማርልኝ።»

ደርበው ሊመርቀው አፉን ከፈተ፤ ወዲያው በመዳፉ አፈነው። በጣቶቹ መካከልም «መምህር፣ እኔ ነኝ እንዴ?» አለኝ።

አይደለህም አልኩት። ስለ ጋሻው፣ ስለ ስብርባሪው፣ ሁሉንም አስረዳሁት። እንደ ተማሪዎቼ እንኳን አላዛጋም።

ዛሬም ደርበው «እንደምን አደራችሁ» ለማለት መጀመሪያ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። እኔ በእርግማን አላምንም። ብቻ እሱ ቀና ሲል ከአጠገቡ ፈቀቅ እላለሁ።