የሃያ ሰው አእምሮ በአንድ ልክ

[በምርምር ተቋም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ክፍል። ቤተሰቡ «ሊቁ» የሚለው የአእምሮ ምስል ተመራማሪ ከአንድ ሰዓት በኋላ የአምስት ዓመት ሥራውን ለገምጋሚዎች ያቀርባል። ታላቅ እህቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የሰፋችለትን ኮት ይዛ መጥታለች።]

ሊቁ፦ እትዬ! ይሄን ወረቀት ማን እጠፊው አለሽ?

ልብስ ሰፊዋ፦ አንሶላ ያክላል፤ ቦርሳህ ውስጥ ይግባ ብዬ ነዋ።

ሊቁ፦ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነው እኮ! አጨማደድሽው!

ልብስ ሰፊዋ፦ ሥዕሉስ ድሮም የተጨማደደ ነው። የኮክ ፍሬ ነው?

ሊቁ፦ የኮክ ፍሬ! አእምሮ ነው፤ የሃያ ሰው አማካይ።

ልብስ ሰፊዋ፦ ታዲያ ለምን ጉም ለበሰ?

ሊቁ፦ ግኝቴ እሱ ነው! ሃያ ሰዎች የአእምሮ ምስል የሚያነሳ ማሽን ውስጥ ተኝተው አውራ ጣታቸውን አንቀሳቀሱ። አእምሯቸው ከዳር እስከ ዳር ፈዘዝ ብሎ በራ። ዓለም ጣትን የሚያዘው አንድ ቦታ ነው ይላል፤ እኔ ግን መላው አእምሮ እንደሆነ ደረስኩበት!

ልብስ ሰፊዋ፦ እኔ ቀኑን ሙሉ በጣቴ ስሠራ ሌላ ነገር የማስበው በምኔ ነው ታዲያ?

ሊቁ፦ [እየሳቀ] አንቺ ደሞ መቼ አስበሽ ታውቂያለሽ!

ልብስ ሰፊዋ፦ እሱስ እውነትህን ነው። ግን ሃያውን እንዴት ደረብካቸው?

ሊቁ፦ ምን ላድርግ፣ ላስረዳሽ። በያንዳንዱ አእምሮ ላይ መቶ ሺህ ነጥብ አለ፤ ኮምፒዩተሩ የየሰዉን ነጥቦች ለብቻቸው ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራቸዋል። የአንዱን አምስት ሺኛ ነጥብ ከሌላው አምስት ሺኛ ነጥብ ጋር እደርባለሁ።

ልብስ ሰፊዋ፦ «ከአንገት ሠላሳ ሳንቲ» ብዬ ኪስ ብሰፋ፣ ያንተ ደረት ላይ የሚያርፈው የአጭሩ ባለቤቴ እምብርት ላይ ያርፋል።

ሊቁ፦ እትዬ፣ ቁጥር ቁጥር ነው!

ልብስ ሰፊዋ፦ እኔ ብብትን ከብብት፣ ክርንን ከክርን ነው የምገጥመው። እነዚህ ጭምድዶች ሁሉም ሰው ላይ የሉም?

ሊቁ፦ ትልልቆቹ አሉ። ግን ጥልቅ ናቸው፤ ተሸሽገዋል።

ልብስ ሰፊዋ፦ በካውያ ተኩሳቸዋ!

ሊቁ፦ አእምሮ አይተኮስም! በኮምፒዩተር እንደ ኳስ ተነፍቶ፣ ስንጥቁ ከስንጥቅ ተሳስቦ... [ፊቱ አመድ መሰለ] ...ከዚያ በኋላ ነው ነጥቡ ከነጥብ የሚደረበው።

ልብስ ሰፊዋ፦ ያንተስ ድሮ ተነፍቷል፤ የሰዎቹን ንፋ እንጂ!

[ሊቁ ኮምፒዩተሩ ላይ ተደፋ። እህቱ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጉሙ ተሰብስቦ አንዲት ደማቅ ነጥብ ሆነ።]

ሊቁ፦ አለቀልኝ። ዓለም የሚያውቀው ቦታ ላይ አረፈች።

ልብስ ሰፊዋ፦ ልኩ መጣ ማለት ነዋ! ከሰው ፊት ሳትዋረድ ቀረህ። ግን አሥራ ዘጠኙ ሲገጥሙ ይሄ ዳር ያለው ሥዕል ምን ሆኖ እምቢ አለ?

ሊቁ፦ ሃያኛው? እሱማ ኩራቴ ነው! ሌላው ያስላል፣ ያክካል፤ እሱ አንድ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ጭምድድ የሚባል የለው፣ ልስልስ ያለ ጨዋ አእምሮ!

ልብስ ሰፊዋ፦ ከሥዕሉ ሥር የተጻፈው ምን ይላል? መነጽሬን አልያዝኩም።

ሊቁ፦ [ተጠግቶ እያነበበ] «የማሽን... መሞከሪያ። ውሃ... የተሞላ... ኳስ።»

[ሊቁ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።]

ልብስ ሰፊዋ፦ እና አውራ ጣትህን አንቀሳቅስ ስትለው እሺ አለህ?

ሊቁ፦ [በለሆሳስ] ፈዘዝ ብሎ... በርቶ ነበር።