ሳሎኔ መርከብ የሆነ ጊዜ

አላህ ከባለጌ ቀድሞ ከባለሙያ ይሰውረን! ባለጌ ሲሰድባችሁ ቢያንስ መሰደባችሁን ታውቃላችሁ። ባለሙያ ግን ቤታችሁን አፍርሶ ምርቃት ይቀበላል። አትቆጡኝ፤ ይህን የምለው ወድጄ አይደለም።

የወንድሜ ልጅ ሰይድ ዓረብ አገር ስድስት ዓመት ሠርቶ ወደ ከሚሴ ተመለሰ። ሌላው ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ተሸክሞ ሲመጣ እሱ ሙያ ይዞ መጣ፤ የመርከብ ውስጥ አናጢነት። የጭነት መርከብ እንዳይመስላችሁ። አንድ ሀብታም ለራሱ መንሸራሸሪያ ያሠራው፣ ባለ አምስት ፎቅ፣ ርዝመቱ ሰይድ እንደሚምለው ከመናኸሪያው በር እስከ ሰፈራችን መስጊድ የሚደርስ የአንድ ሰው መርከብ!

"ውስጡ ምን አለ?" አልኩት።

"ምን የሌለ አለ፣ አዳዳ! ሲኒማ ቤት አለ፣ የሄሊኮፕተር ማረፊያ አለ፣ መዋኛ ገንዳ አለ።" አዳዳ የሚለኝ የአባቱ እህት ስለሆንኩ ነው፤ ኦሮምኛው እንዲያ ነው።

"ባሕር ላይ ተቀምጦ መዋኛ ገንዳ?"

"የባሕሩ ውሃ ጨው ነዋ!"

"ባለቤቱስ ስንት ቀን ያድርበታል?"

"እኔ በሠራሁበት ሦስት ዓመት አንድ ቀን መጣ። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ጫማውን አድርጎ ሄደ።"

ሀብት ሲተርፍ ውሃ ላይ ውሃ ያስጭናል እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ጥፋቱ የኔ ነው። ለልጄ ለፎዚያ የመጣው ሽማግሌ ሊመለስ ስለነበር፣ ስፖንጁ ያለቀውን የሳሎን መቀመጫ እንዲያድስልኝ ሰይድን ለመንኩት። ሌላ ምንም አላልኩም። እሱ ግን ሜትርና ወረቀት ይዞ መጣና አንድ ሳምንት ሙሉ ሲለካ ከረመ።

"ሥራው የሚጀምረው ከክብደት ነው፣ አዳዳ። ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ከበዛ ያዘነብላል።"

"ምኑ?"

"ቤቱ።"

አርባ ዓመት ሳያዘነብል የኖረ ቤት! ቁምሳጥኔን ከግራ ወደ ቀኝ አዞረው። ዋንዛ አስመጣ፤ ላገው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣ ቫርኒሽ ቀባው፣ እንደገና ፈተገው... ሰባት ጊዜ! መስኮቱን ክብ አደረገው። መሳቢያዎቹ ማዕበል ሲመጣ እንዳይከፈቱ መቀርቀሪያ ገጠመላቸው። በጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ እንዳይንሸራተት ጉድጓድ ጉድጓድ ቆፈረበት። ግድግዳውን ተከትሎ የሚዞር ባለ ማዕዘን አግዳሚ ሠራና ከወለሉ ጋር በብሎን አሰረው። ከፊቱ ያለው ጠረጴዛ ደግሞ በሐዲድ ተንሸራቶ እስከ ተቀማጩ ደረት ይጠጋና፣ ከሥሩ በመፍቻ ሲጠብቅ አበቃ!

"ዓለም ብትገለበጥ አይነቃነቅም" አለኝ እየኮራ። ዓለም የምትገለበጥ ከሆነ የኔ ጠረጴዛ መቆሙ ምን እንደሚረባ አልጠየቅሁትም።

አሁን ስለ ታላቅ ወንድሜ፣ ስለ ሰይድ አባት፣ ስለ አያ ኢብራሂም ልንገራችሁ። የፎዚያ አባት ከሞተ ወዲህ ለሽማግሌ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ግን "እሺ" የምትለዋ ቃል ከጉሮሮው አትወጣም። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር "ዘመድ አማክረን ሌላ ቀጠሮ እንስጣችሁ" ይላል። የመጀመሪያው ወግ ነው፤ ሁለተኛውም ይሁን። እሱ ግን ሦስተኛም አራተኛም ይጨምራል። በዚህ ዓይነት ሁለት ጠያቂዎች ተሰላችተው ሌላ ቤት አንኳኩተዋል። ፎዚያ አስተማሪ ናት፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። የአሁኑን፣ የጨፋ ሮቢቱን ሙሐመድን፣ ወዳዋለች። አልነገረችኝም። ስሙ ሲነሣ ዕቃ እንደሚወድቅባት ግን አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ የሚመጡበት ሰኞ ሲደርስ ከልቤ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያቺን "ሌላ ቀጠሮ" የምትባል ቃል።

ሽማግሌ ሲገባ በኛ አገር ቤቱ ሁሉ እንደሚነቃነቅ ታውቃላችሁ። ተቀማጩ ይነሣል፤ "ኦል ሲቃ! ወደ ላይ ጠጋ በሉ!" ይባላል፤ "ወላሂ እርስዎ ሳይቀመጡ!" ይባላል፤ ወንበር ይጎተታል፤ ሁሉም በዕድሜው ልክ ቦታውን ያገኛል። በመርከብ ውስጥ ግን የሚጎተት ነገር የለም! ሦስቱ ሽማግሌዎች በወጉ ትልቁን ሐጂ ኡመርን አስቀደሙ። ሐጂ ሰፋ ያሉ ሰው ናቸው። በአግዳሚው ላይ እየተንፏቀቁ ሄደው ሄደው ማዕዘኑ ውስጥ ተወሸቁ። አያ ኢብራሂምም ባለቤት ነኝና በትልቁ እንግዳ ጎን ልቀመጥ ብሎ ተከትሏቸው ተንፏቀቀ። ትንንሾቹ ሁለቱ ጫፍ ላይ እንደ ሱልጣን ተዘረጉ። ሰይድ ጠረጴዛውን አንሸራቶ በሁለቱ ታላላቆች ደረት ላይ አስጠጋና አጠበቀው።

"ማሻአላህ!" አሉ ሐጂ፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው።

ከፊታቸው ያለው ክቡ መስኮት ነው። በመርከቡ ላይ ባሕር ያሳያል፤ በኔ ቤት የጎረቤቴን አህያ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ወደ እኛ መዞር ስላልቻሉ፣ ልጄን ከአህያው ለመኑ። በጥሩ አማርኛ፣ በአላህና በነቢዩ ስም ጀምረው፣ በኦሮምኛ ምርቃት አሳምረው ለመኑ። አህያው በጥሞና አዳመጠ።

አያ ኢብራሂም መለሰ። "ሰምተናል። እንግዲህ ዘመድ አማክረን... ሌላ ቀጠሮ እንስጣችሁ።"

ፎዚያ ካለችበት መጋረጃ ጀርባ አንድ ነገር ወደቀ።

"ሌላ?" አሉ ሐጂ። "ባለፈው ዘመድ እናማክር ብላችሁ አልነበር? እኛ እኮ በሬ ልንገዛ አልመጣንም! ተነሡ፣ እንሂድ!"

ሁለቱ ጫፍ ላይ ያሉት ተነሡ። ሐጂም ተነሡ... ማለቴ ሊነሡ ሞከሩ። ጉልበታቸው ጠረጴዛውን መታው፤ ጠረጴዛው ንቅንቅ አላለም። አያ ኢብራሂምም ወደ ጎን ሊንፏቀቅ ሞከረ፤ ደረቱ ተይዟል። ዋንዛው እንደ ተራራ ቆመ።

"ሰይድ! ፍታው!"

ሰይድ ኪሱን ዳበሰ። የመሣሪያ ሣጥኑን ገለበጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። "ቅድም ካጠበቅሁ በኋላ ሽማግሌዎቹን ላመጣው የሚኒባስ ሹፌር አውሼዋለሁ" አለና ደወለ።

"አንተ፣ መፍቻዬ የት አለ?"

"ከወንበሬ ሥር ነው። ምነው?"

"አንተስ የት ነህ?"

"ባቲ መንገድ! ሰኞ አይደል? ገበያተኛ ጭኛለሁ።"

"ተመለስ!"

"አሥራ ስድስት ሰው ጭኜ?"

"በመጋዝ ቁረጠው!" አለ አያ ኢብራሂም።

"ሰባት ጊዜ ቫርኒሽ የጠጣ እንጨት፣ አባ!" ሰይድ ዕንባው መጣ።

"ተውት" አሉ ሐጂ። "ለቁጣዬ ብዬ የሰው ቤት አላስቆርጥም።" ሁለቱ ትንንሾችም ትልቃቸውን ጥለው መሄድ ነውር ሆነባቸውና ተመልሰው ተቀመጡ።

ሻይ አቀረብኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ጉድጓዶቹ ግን የተቆፈሩት ለዚያ አገር ትልልቅ ኩባያ ነው። የኛ ትንሽ ብርጭቆ እስከ አንገቷ ሰመጠች። ሐጂ በሁለት ጣት ሊያወጧት ታገሉ፤ ተቃጠሉ። አያ ኢብራሂም በማንኪያ ከሥር ሊደግፍላቸው ሞከረ፤ ሻዩ ተደፋ። ሁለት የተኳረፉ አዛውንቶች አንዲት ብርጭቆ ለማውጣት በአራት እጅ ሲታገሉ አስቡት! በመጨረሻ ብርጭቆዋ ወጣች፤ ባዶዋን። መጀመሪያ ሐጂ ሳቁ፤ ሆዳቸው ሲነቃነቅ ጠረጴዛው ስለማይነቃነቅ ሳቁ ራሱ አሳመማቸው።

"ለመሆኑ አያ ኢብራሂም፣" አሉ ሲበርድላቸው፣ "የምታማክሩት ዘመድ ማን ነው?"

"አጎታችን አሉ፣ ባቲ..."

"አላህ ይርሐማቸው፤ አምና ቀብረናቸዋል" አልኩ ከበሩ ጎን ሆኜ።

"እንግዲያ የሐርቡዋ አክስታችን።"

"ከሳቸው በፊት።"

ሐጂ አንገታቸውን መዞር በቻለው ልክ አዞሩ። "ታዲያ በሕይወት ያለ ዘመድ የላችሁም?"

"እኔ አለሁ" አልኩ።

አያ ኢብራሂም አየኝ። መሄጃ ቢኖረው ተነሥቶ ይወጣ ነበር፤ መሄጃ ግን የለውም። "እሺ... አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለኝ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ወንድሜ አማከረኝ።

"መልካም ነው እላለሁ።"

"እንግዲያ... ዘመድ ተማከረ" አለ። ትንፋሹ ረዘም ብሎ ወጣ። "ሰጥተናል።"

ቃሉን ለማጽናት ፋቲሓ ተቀራ። ከመጋረጃው ጀርባ ምንም አልወደቀም። ወዲያው የዙህር አዛን ተሰማ፤ እኔም ቁምሳጥኑን ከፍቼ፣ የመሳቢያውን መቀርቀሪያ አንሥቼ፣ መፍቻ አውጥቼ ለሰይድ ሰጠሁት።

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ባለሙያው ሥራውን ሲያስረክበኝ "አንዱ ቢጠፋ እንኳ" ብሎ ሁለተኛ መፍቻ ሰጥቶኝ ነበር፤ እሱ በድንጋጤ ረሳው። እኔ አልረሳሁም። የት እንዳለ የጠየቀኝ ግን የለም፤ ሳይጠየቁ መናገር ደግሞ ልማዴ አይደለም። ሰላት ሲደርስ ሰዎቹን ከስግደት ማስቀረቱን ግን ፈራሁ።

በሠርጉ ዕለት ሐጂ ኡመር ሰይድን ጠርተው በሰው ፊት አዘዙት። "ለጨፋ ሮቢት የሽማግሌዎች ቤት እንደዚያ ያለ መቀመጫና ጠረጴዛ ሥራልን። ሃያ ዓመት ያልታረቁ ወንድማማቾች አሉኝ።"

"እሺ፣ ሐጂ። መፍቻው ለማን ይሰጥ?"

ሐጂ ወደ ሙሽሮቹ አዩ፤ ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"አንደኛውን ለኔ" አሉ። "ሁለተኛውን ለባለቤቴ ስጣት፤ የት እንዳስቀመጠችው ግን እንዳትነግረኝ።"