ትንሽ የቀራቸው ስፒከሮች

በየሰፈሩ ዕቃ መግዛት የሚንቅ አንድ ሰው አለ። ሱቅ ውስጥ የተደረደረ ነገር ሲያይ በአፍንጫው ይስቃል፤ «ይሄን እኮ እኔ ቤቴ እሠራዋለሁ» ይላል። ደግሞም ይጀምረዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው በሙሉ «ትንሽ ነው የቀረው» ይባላል። ሚስቱ በዚያ ትንሽ ውስጥ ትሸብታለች፤ ልጆቹ በዚያ ትንሽ ውስጥ አድገው ይዳራሉ።

ለእኛ ለቃሊቲዎቹ የደረሱን ጋሽ ተስፋሚካኤል ናቸው። ክር ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ሰው ናቸው። ሰፈርተኛው «ክቡር ኢንጂነር» ይላቸዋል። ቀልድ መሆኑን ከእሳቸው በቀር ሁሉም ያውቃል። የሚሠሩት ደግሞ ሁለት ስፒከር ነው። ስፒከር ስል ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት እንዳይመስላችሁ። የሰው ቁመት ያላቸው፣ ከዋንዛ የተሠሩ፣ አንዱን ለማንቀሳቀስ ሁለት ጎረምሳ የሚጠይቁ ሳጥኖች ናቸው።

«የፋብሪካ ስፒከር ይጮኻል እንጂ አይናገርም» ይላሉ ጋሽ ተስፋሚካኤል። የእሳቸው እንዲናገር ነው የሚፈለገው። ለዓመታት ግን ዝም ብሎ ነበር።

ለማን እንደሚናገርም የታወቀ ነው። አንድያ ልጃቸው ማህሌት ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል «በልደትሽ ቀን የምትጨፍሪው በዚህ ነው» ብለዋት ነበር። ልደቷ ከጎረቤት በመጣ ቴፕ ተከበረ። ከዚያ ለአስረኛ ክፍል ፈተናዋ ተባለ። ቀጥሎ ለምርቃቷ ተባለ። በምርቃቷ ቀን ሳጥኖቹ ቆመው ነበር፤ ሆዳቸው ግን ባዶ ነበር። ማህሌት በመሀላቸው ቆማ ፎቶ ተነሣች። ፎቶ ድምፅ ስለሌለው ምንም አልጎደለበትም።

ሳጥኖቹ ወደ ሰፈር የገቡበትን ቀን የማያስታውስ የለም። ሳሪስ አቦ አካባቢ ካለ እንጨት ቤት በአይሱዙ ተጭነው፣ አቧራ እንዳይነካቸው በነጭ አቡጀዴ ተሸፍነው መጡ። አራት ሰው ተሸክሞ ቀስ ብሎ ወደ ግቢው ሲያስገባ ያዩ የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከትለው ገቡ። አንዲቷ ሁለተኛውን ሳጥን ሲያዩ ደረታቸውን መቱ።

«ሁለቱም? ባንድ ቀን?»

የጋሽ ተስፋሚካኤል ባለቤት እትዬ የሺሐረግ እጃቸውን እያደራረቁ ከጓዳ ወጡ። «ኧረ እኔም አለሁ፤ እሱም አለ» አሉ። «የሞተው ሳሎኔ ነው።»

ሰዎቹ ከመጡ አይቀር ሻይ ተፈላላቸው።

የጀርባው ሰሌዳ የተለጠፈውም እንዲሁ በሰፈር ትብብር ነው። ኮላው እስኪይዝ እንጨቱን ጠፍረው የሚይዙ ብዙ ሞርሳዎች ያስፈልጋሉ። ጋሽ ተስፋሚካኤል የነበራቸው ሁለት ብቻ ነው። ሰው ግን ሞልቷል፤ ጊዜው የፋሲካ ሰሞን ነበር። ሳጥኖቹን በደረታቸው አስተኟቸውና «እንኳን አደረሳችሁ» ሊል የመጣውን ሁሉ ላያቸው ላይ ያስቀምጡት ጀመር። የማዕዘኑ ባለሱቅ ሀይረዲን፣ ስልጤው፣ በሰውነቱ ግዝፈት የሚታወቅ ሰው ነው። ገና ከበሩ ሲገባ የጋሽ ተስፋሚካኤል ዓይን በራ።

«ሀይሩ፣ አንተ ማዕዘኑ ላይ ሁንልኝ። ማዕዘን ክብደት ይወዳል።»

«ጋሽዬ፣ ሱቁን ክፍት ትቼ እኮ ነው የመጣሁት።»

«ኮላው ከያዘ ትሄዳለህ።»

«መቼ ነው የሚይዘው?»

«ዝም ብለህ ተጫወት።»

ሀይረዲን ተጫወተ። ሊነሣ ሲል ኮላው ሰሌዳውን ብቻ ሳይሆን የሱሪውንም ጀርባ ይዞት ተገኘ። እስከ ዛሬ አንድ ሰው ሳጥኖቹን ሲያደንቅ ከሰማ «ጀርባቸውን የሠራሁት እኔ ነኝ» ይላል።

ቤታቸው ከዋናው መንገድ ብዙ አይርቅም። ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ብርጭቆው ይንጫጫል። አንድ ቀን አንድ የድሮ የፋብሪካ ባልደረባቸው ሊጠይቃቸው መጥቶ ስፒከሮቹ ፊት እንደተቀመጠ ወለሉ ተርገበገበ። ሰውዬው ሆዱን ይዞ ተነሣ።

«ወይ ቤዝ! አንጀቴ ውስጥ ገባ እኮ!»

«ሲኖ ነው» አሉ ጋሽ ተስፋሚካኤል ቅር ብሏቸው። «እኛ ገና አልሰካነውም።»

በኋላ ሲሰካ ደግሞ ጆሮ አስፈለገ። ጆሮነቱ ለእኔ ደረሰ፤ አንድም ግድግዳ ስለምንጋራ፣ አንድም «አይ» ማለት ስለማይሆንልኝ። በአጥሩ ላይ «ና እስቲ ስማ!» ይላሉ፤ እሄዳለሁ። ሁልጊዜ የምንሰማው የራዲዮ ዜና ነው። «ዘፈን ይሸነግላል፤ ዜና አንባቢ ግን አይዋሽም» ይላሉ፤ ድምፁን ማለታቸው ነው።

«አንባቢዋ ገጽ ስትገልጥ ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል፣ ጋሽዬ።»

«አሁን ሽቦውን ቀየርኩት። ልዩነቱ ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል።»

እውነቱን ለመናገር የሚሰማኝ ዜናው ነበር።

እትዬ የሺሐረግን በተመለከተ አንድ ነገር መነገር አለበት። ዳንቴል ይሠራሉ። በዚያ ቤት ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ የሶፋው ክንድ ለብሷል፤ አንድ ቦታ ረግቶ የቆመ ነገር ሁሉ ይለብሳል። ስፒከሮቹም አንድ ማለዳ ከራሳቸው እስከ ደረታቸው ወፍራም ነጭ ዳንቴል ለብሰው፣ አናታቸው ላይ የፕላስቲክ አበባ ተተክሎባቸው ተገኙ።

«የሺ፣ ይሄ እኮ የቤት ዕቃ አይደለም። መሣሪያ ነው።»

«የፈለገውን ይሁን። ሳሎኔ ውስጥ ዕራቁቱን አይቆምም።»

ባል ያወልቃሉ፤ ሚስት ያለብሳሉ። ያወልቃሉ፤ ያለብሳሉ። በመጨረሻ ክቡር ኢንጂነር ደከማቸው። አበባውን ብቻ አስነሥተው ዳንቴሉን እንዳላዩ ሆነው ሥራቸውን ቀጠሉ። ቀጭኑ ድምፅ አልወጣ ሲላቸው ከፍ አደረጉት፤ አሁንም ታፈነ ብለው ጨመሩበት። በመጨረሻ «ይኸው፣ ገባ!» አሉና ማንም እንዳይነካካው የድምፁን ማስተካከያ ቁልፍ አውልቀው ሽቦውን በካውያ በየዱት።

የማህሌት ሰርግ የተቆረጠው ከዚህ በኋላ ነው። ሙሽሮቹ ለመልስ ወደዚህ ቤት ይመጣሉ። እትዬ የሺሐረግ የአብስራ የሚባል ዲጄ አነጋግረው መጡ።

«አንተ ሰውዬ፣ አማቾቼ ፊት አላፍርም» አሉ። «በመልሱ ቀን ሳጥኖችህ ከዘፈኑ ዘፈኑ። ካልዘፈኑ ግቢ ይወጣሉ፤ እዚያ ጥግ ላይ የብርጭቆ ቡፌ ይገባል።»

«ግቢ? ዋንዛ እኮ ዝናብ አይችልም!»

«እንግዲያው ይዝፈኑ።»

ማህሌት ይህ ሲባል ነበረች። «አባዬ፣ እውነት ለመልሴ ይደርሳል?» አለች።

«አልቋል፣ ማህሊዬ። ማስተካከል ብቻ ነው።»

ልጅቷ ፈገግ ብላ ሳመቻቸው። ያ ፈገግታ የልደቷም ጊዜ፣ የምርቃቷም ጊዜ የነበረው ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ፣ ቫርኒሽ ሲቀባ ሰነበተ። ለመልሱ የተጋገረው ድፎ ዳቦ ሁሉ ቫርኒሽ ቫርኒሽ አለ። በዕለቱ ጠዋት እትዬ የሺሐረግ ያልታሰበ ነገር አደረጉ። ዳንቴሎቹን በገዛ እጃቸው ገፈፉና አጥበው ገመድ ላይ ሰጧቸው።

«ዛሬ እንጨትህ ይታይልህ» አሉ።

ግድግዳ ስንጋራ በኖርንበት ዘመን ከዚያ ቤት የሰማሁት ትልቁ የፍቅር ቃል ይህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሙሽሮቹ በእልልታ ገቡ። አማቾቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ዋንዛው እንደ መስታወት ያበራል። ጋሽ ተስፋሚካኤል ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እርሳሳቸው ግን ጆሯቸው ላይ እንዳለ፣ ሄደው ከፈቱት።

ቆርቆሮ በቢላ ሲፋቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነበር። ከበሮው የት እንደገባ አይታወቅም፤ የዘፋኟ «ሰ» እና «ሸ» ብቻ እየተወረወሩ ይመጣሉ። የሙሽራው አክስት ሻሻቸውን ወደ ጆሯቸው ጎተቱ። አንዱ ሚዜ ዓይኑን ጨፈነ። የአብስራ በበሩ ብቅ ብሎ የኤሌክትሪክ ገመዱን እንደያዘ «ፋዘር፣ እኔ ልግባ?» አለ።

«ቆይ! ትንሽ ነው የቀረው!»

በሙሉ ልብሳቸው ተንበርክከው ጀርባውን በካቻቪቴ ይፈቱ ጀመር። ፈቱ፤ ሁሉም በቦታው ነው። አንድ የተነቀለ ሽቦ እንኳ የለም። ማህሌት ካባዋን እንደደረበች መሀል ወለል ላይ ቆማለች። አትቀመጥም። እሳቸው ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እንደ ወትሮው «ልዩነቱ ይሰማሃል?» አላሉም። ካቻቪቴው ብሎኑ ላይ ይንጫጫ ነበር፤ መንገድ ላይ ግን ሲኖ አልነበረም።

ይሄኔ እትዬ የሺሐረግ ገቡ። ገና ያልደረቁትን ዳንቴሎች ከገመዱ ላይ አውርደው በክንዳቸው ይዘዋል።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ በሰው ፊት ዕራቁታቸውን አቆምኳቸው» አሉና ባልየውን ከእንግዳ ዓይን ሊከልሉ ይመስል አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አለበሷቸው።

ጩኸቱ ቆመ። ከበሮው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጣ። ዘፋኟ ከጣራው ወርዳ መሀላችን ቁጭ አለች። ጋሽ ተስፋሚካኤል እንደተንበረከኩ ጆሯቸውን ወደ ዳንቴሉ አስጠጉ።

«የሺ… እስቲ አንሺው።»

አነሡት፤ ቆርቆሮው ተፋቀ።

«መልሺው።»

መለሱት፤ ማር ሆነ።

«ለካ ጨርቁን እንደለበሱ ነው ሳስተካክላቸው የኖርኩት!» አሉ ጋሽ ተስፋሚካኤል። «ያላንቺ ዳንቴል ይሄ ነገር ምንም አይደለም ማለት ነው እኮ፣ የሺ!»

«እኔ ስናገር መች ሰምተኸኝ ታውቃለህ» አሉ እትዬ የሺሐረግ፤ ድምፃቸው ግን ሌላ ነበር።

ማህሌት አባቷን በክንዳቸው ይዛ አስነሣቻቸው። «በል ና፣ አባዬ» አለች። «የልደቴን እንጨፍር።»

ካቻቪቴውን እንደያዙ ጨፈሩ። በፊቴ ሲያልፉ በሙዚቃው መሀል ጮኹብኝ፦ «ልዩነቱ ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል!» አልኩ። ሲጠይቁኝ ከመለስኩት ሁሉ ይህኛው እውነት ነበር። የአብስራ ገመዱን ጠቅልሎ ምግብ አነሣ።

አለቀ ያልነው እኛ ነን። በሳምንቱ ጋሽ ተስፋሚካኤል «አልቋል፤ ዳንቴሉን ማስተካከል ብቻ ነው የቀረው» አሉ። የግራው ለመስኮቱ ስለሚቀርብ ቀዳዳው ጠበብ ይበል ይላሉ፤ እትዬ የሺሐረግ ይተረትሩና እንደገና ይጀምራሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በቀዳዳ ሲከራከሩ ይውላሉ። የቡፌውን ነገር የሚያነሣ የለም።

ሰሞኑን ኮዬ ፈጬ ማህሌት ቤት ሄደው ሰነበቱ። ሀይረዲን ከሱቁ ብቅ ብሎ «ሰፈሩን ምን ነካው? ሰው የሌለበት መሰለ እኮ» አለኝ። እኔም ቤቴ ዜና ስከፍት አንባቢዋ ገጽ ስትገልጥ እሰማ እንደሆነ ጆሮዬን ጣልኩ። አልሰማሁም።

ትናንት ታክሲ በር ላይ ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ ሻንጣ ተጎተተ፤ ግድግዳው ጀርባ ካቻቪቴ ወደቀ።

«ና እስቲ ስማ!» የሚለው ድምፅ አጥሩን አልፎ ሲመጣ ጫማዬን አድርጌ ጨርሼ ነበር።