ቅቤ የሚጠጣ ጅማት

ወጌሻ ታምናላችሁ? እኔ አላምንም። የወገዳው ወጌሻ አያ ጥሩነህ ዘንድ በሽታ ሁሉ ከጅማት ነው፤ የጭቃ ሹሙ ቁጣ እንኳ። ገብስ ተሸክሜ ወገቤን ሲይዘኝ፣ ሕመሙም እስከ እግሬ ሲወርድ ግን ወዴት ልሂድ?

«ጅማትህ አጥንት መሃል ተቀርቅሯል፤ ለማሻው አንድ ቅል ቅቤ አምጣ» አሉኝ።

አመጣሁ። በጣታቸው ጫፍ ነክተው አሹኝና በጉልበታቸው ተጭነው ወገቤን ቀጭ አደረጉት። የተረፈውን ቅቤ ምን በላው? እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚስታቸው ራስ ቅቤ ሲያንጠባጥብ አየሁ። ለኔ ጅማት ያመጣሁት ቅቤ አይደለም ትላላችሁ?

እግሬማ በታሸሁ ማግስት ተሽሎት ነበር። ነገር ግን ድኛለሁ ብል ቅቤውን መርቄ ሰጠኋቸው ማለት አይደለም? ስለዚህ በደጃቸው ሳልፍ አነክስ ጀመር።

ቅዳሜ አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ አልለቀቀህም እንዴ? በል ሌላ ቅል ቅቤ ይዘህ ና።»