ማማ ኬንዲ እና የሐሙሱ ጉብኝት

ልጁን እቤቱ የሚያስተምር ወላጅ ሁሉ ከርእሰ መምህር የተገላገለ ይመስለዋል። ሞኝነት ነው። እንዲህ ያሉ አሥር ቤተሰቦች በተሰበሰቡበት ቦታ አንዲት ሴት ከመሬት ትበቅላለች። ማንም ሳይመርጣት ትሾማለች። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜህ የሷ ነው።

የኛዋ ክብርት ማማ ኬንዲ፣ የኬንዲ እናት፣ ይባላሉ። እኔ እዚሁ ናይሮቢ፣ እቤቴ ቁጭ ብዬ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰው ልጅ አልብሼ ትምህርት ቤት እልካለሁ፤ የራሴ ልጅ ናሊያካ ግን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጣ ትማራለች። ስትናገር ትንተባተባለች። ክፍል ውስጥ ቃሏን እስክትጨርስ የሚጠብቃት አልተገኘም፤ ልጆቹ ይስቃሉ፣ መምህሩ ሰዓቱን ያያል። በስምንት ዓመቷ ጭራሹን መናገር ስታቆም አስወጣኋት። እናቷ «ልጄ ብቻዋን ልታድግ ነው» እያለች ስታለቅስብኝ ጊዜ የማማ ኬንዲ ቡድን ውስጥ ገባን።

መግባት ቀላል ነው፤ ጭንቁ ከገቡ በኋላ ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ ስልኬ ይንጫጫል። «የመጨረሻ ማሳሰቢያ» ይላሉ ክብርትነታቸው በድምፅ መልእክት፤ ከቁርስ በኋላ ሌላ የመጨረሻ ማሳሰቢያ ይመጣል፤ ማታ ደግሞ የመጨረሻውን የሚያብራራ። አንድ ጊዜ ወፍ እንቆጥራለን ብለው በዶፍ ዝናብ ካሩራ ጫካ ውስጥ አሰለፉን። ሦስት ወፍ ቆጠርን፤ ሁለቱ ቁራ ነበሩ። እንመለስ ብንላቸው «ዝናብም ትምህርት ነው» ብለው ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ጃንጥላ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌላ ቀን ዳቦ ፋብሪካ ወሰዱንና ሁሉም ሰው የፀጉር መሸፈኛ ያድርግ አሉ። እኔ መላጣ ነኝ። ይህንን በትሕትና ባሳስባቸው ሃያ ስድስት ልጆች ፊት «ደንብ ፀጉር አይመርጥም፣ ባባ ናሊያካ» ብለው በገዛ እጃቸው አጠለቁልኝ። ለስፖርት ቀን ገመድ ያዥ አድርገው ሾሙኝ፤ ሳላጠብቅ ያዝኩ ተብዬ በዚያው ቀን ተሻርኩ።

እውነቱን ልናገር፣ ጠልቻቸው ነበር። ከሌሎቹ አባቶች ጋር ዛፍ ሥር ቆመን ስናማቸው ነበር የሚቀለኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤት ልጅቷ ትምህርት ቤት አትሄድም ብሎ አመለከተብን። የሰፈሩ ሹም ሐሙስ ጠዋት ልጅህን ይዘህ ቅረብ የሚል ደብዳቤ ላከ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሊደርስ እንደሚችልም ጽፎበታል። ናሊያካ ደብዳቤውን ከጠረጴዛ ላይ አንስታ አነበበችው። ከዚያ ወዲያ እህል አልቀመሰችም። እኔም የጀመርኩትን ዩኒፎርም ሳልጨርስ አስቀመጥኩት።

ሐሙስ ቡድኑ የዋና ትምህርት ስለነበረው ማማ ኬንዲ ጋ ደውዬ እንደምንቀር ነገርኳቸው። ለምን አሉ። ላለመናገር ብሞክርም ሳያስለፈልፉ አይለቁምና ነገርኳቸው። ስልኩን ዘጉት። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ማሳሰቢያ ሳይሰጡኝ ሲዘጉ ያ የመጀመሪያው ነው። ለችግር ጊዜ አትሆንም ብዬ ረገምኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት የናሊያካን እጅ ይዤ የሹሙ ቢሮ ግቢ ስደርስ የቡድኑ ልጆች በሙሉ ደብተራቸውን ይዘው፣ በሁለት ረድፍ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ማማ ኬንዲ ሹሙን ከቢሮው አስወጥተው ወንበር ላይ አስቀምጠውታል። የዋናው ትምህርት ተሰርዞ በምትኩ «የሹም ሥራ ምንድን ነው?» የሚል ጉብኝት ተተክቷል።

«ጌታው፣ ከእርስዎ የተሻለ ማን ያስረዳቸዋል?» አሉት።

ሹሙ መጀመሪያ ተኮሳተረ። ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሹመቱ ስለ ሥራው የጠየቀው ሰው የለም መሰለኝ፣ ከጀመረ በኋላ ማቆም አቃተው። ስለ መሬት ክርክር፣ አጥር ስለጣሰች ፍየል፣ ስለ ጠፋ መታወቂያ አወራ። ልጆቹ ይጽፋሉ፣ ይጠይቃሉ።

ያኔ ናሊያካ እጄን ለቃ እጇን አወጣች።

«ሁ... ሁለት ሰዎች ሲ... ሲጣሉ፣ ማ... ማን እንደ... እንደዋሸ በምን ያ... ያውቃሉ?»

የሳቀ የለም። ልጆቹ እርሳሳቸውን እንደያዙ ጠበቋት፤ እሷን መጠበቅ ለምደዋል። ሹሙም እነሱን አይቶ ጠበቀ።

«ብዙ ጊዜ አላውቅም» አላት። «ሁለቱም እስኪጨርሱ ነው የማዳምጠው።»

በኋላ ቢሮው ጠርቶኝ የተከሰሰችው ይህቺ ልጅ ናት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ናት አልኩት። መዝገቡ ላይ «ልጅቱ በመማር ላይ ትገኛለች» ብሎ ጽፎ ፈረመና ዘጋው።

ላመሰግናቸው ወደ ማማ ኬንዲ ስሄድ እንባዬ ቀደመኝ። እሳቸው ደግሞ ጊዜ አልነበራቸውም።

«እንባህን ጥረግና ወንበሩን ወደ ቦታው መልስ» አሉኝ። «የመንግሥት ዕቃ ነው።»

በቀደም አንድ አዲስ የገባ አባት ጠጋ ብሎ፣ ይቺ ሴትዮ ግን ለከት የላትም እንዴ ሲል አማልኝ። ከአፌ ነጥቆ የተናገረ ያህል ነበር። ሳላስበው ግን ደሜ ፈላ።

«ስማ ወንድሜ» አልኩት፣ «እሳቸውን የማማት መብት እንደዋዛ የሚገኝ ነገር እንዳይመስልህ። እኔ አራት ዓመት አገልግዬበታለሁ።»