ማውስ የማይፈልግ ብሮውዘር

ባልና ሚስት በአንድ ኮምፒውተር ሳይጣሉ መሥራት ከቻሉ፣ በቀረው ነገር ሁሉ አስታራቂ ሽማግሌ አያስፈልጋቸውም። እኔና ባለቤቴ እንችል ነበር። እሱ በግራ እጁ ማውሱን ይይዛል፣ እኔ ኪቦርዱን እመታለሁ። ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በታይፕ ጸሐፊነት አርጅቻለሁና አሥሩም ጣቶቼ መንገዳቸውን ያውቃሉ። ማውስ ስይዝ ግን ቀስቷ ጥግ ሄዳ ትወሸቃለች፣ ትከሻዬም ሁለት ቀን ያኮርፈኛል።

ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው፣ በጣሳ የተከልነው ሎሚ ለምን አበባውን እንደሚያረግፍ መፈለግ ነበር።

«ጻፊ» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«ሎሚ ለምን ያረግፋል ብለሽ።»

ጻፍኩ። እሱ ከመልሱ ጎን ያለውን ማስታወቂያ ተጭኖ ስለ ፀጉር መርገፍ የሚያወራ ገጽ ከፈተ። ራሰ በራ ነበር፤ እስከ መጨረሻው አነበበው። «ለእኔስ ረፍዷል» ብሎ ዘጋው። በማግስቱ አረፈ።

ከዚያ ወዲህ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ባል የሞተባት ሴት በሰው ዓይን እጅም እንደሌላት ነው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ታደሰ ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ አለው። በየቅዳሜው «እትዬን ላግዝ» እያለ ቂርቆስ ቤታችን ይመጣና በቀጥታ ባለቤቴ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ወንበሩን ዝቅ ያደርጋል፣ ማውሱን ወደ ቀኝ ያዞራል። ለእኔ አንድ ዜና ይከፍትልኝና ለራሱ ስለ መኪና ዕቃ ስድስት ገጽ ይከፍታል። እናንተ ብትሆኑ «ተነሥ» ትሉት ነበር? ሊያጽናና የመጣን ሰው እንዴት ተብሎ... ስለዚህ ወሰንኩ። ማውስ የማይፈልግ ብሮውዘር፣ ያው የኢንተርኔት ገጽ መክፈቻ፣ ካገኘሁ፣ ያ ወንበር ሰው አያስፈልገውም።

ኡራኤል አጠገብ አንድ ኮምፒውተር ቤት ገብቼ ጠየቅኩ።

«ማውስዎ ተበላሽቶ ነው እማማ?» አለች ሻጯ።

«ደህና ነው። አልፈልገውም።»

«በቃ ገመድ የሌለው ልስጥዎት። ማለቴ፣ ያለሱ ለእርስዎ ይከብዳል።»

ጥፍሯ እንደ ማንኪያ ረዝሟል። ለሌላ ገዢ ደረሰኝ በአንድ ጣቷ ፊደል በፊደል ስትለቅም ቆሞ ማየት ለእኔም ከብዶኝ ነበር።

ቤቴ ተመልሼ ብሮውዘሩን ራሴ መረጥኩ። የመጀመሪያው «ሙሉ በሙሉ በኪቦርድ ይሠራል» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ «እስማማለሁ» የምትል ሳጥን እስክትመጣ ድረስ። እሷ በማውስ ካልተነካች ንቅንቅ አትልም። ሁለተኛው ጥቁር ገጽ ዘርግቶ ትእዛዝ ጻፊ ይለኛል፤ አንድ ፊደል ከሳትኩ ፊቱን ይዘጋብኛል። የድሮ አለቃዬን አስታወሰኝና ተውኩት። ሦስተኛው ጨዋ ነው። አንድ ቁልፍ ስመታ በየርዕሱ ላይ ትንንሽ ፊደል ይለጥፋል፤ የፈለግኩትን ርዕስ ፊደል ስመታ ይከፍትልኛል።

ቅዳሜ ታደሰ መጣ፣ ተቀመጠ፣ እጁን ወደ ጠረጴዛው ላከ።

«ማውሱስ?»

«ከወንድምህ መነጽር ጋር መሳቢያ ውስጥ ነው። ዛሬ የምነዳው እኔ ነኝ።»

መታሁ። ምንም የለም። ደግሜ መታሁ፤ ምንም።

«ሞተሩ ነክሷል፣ አይዞርም እትዬ» አለ፣ ደስታውን ለመደበቅ እንኳ ሳይሞክር። «መሳቢያውን ልክፈተው?»

እጁ መሳቢያው ላይ ነበር። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ጠዋት ለለቀስተኞች የምስጋና ደብዳቤ ስጽፍ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ አዙሬው ነበር። ይህ ጨዋ ብሮውዘር ደግሞ የእንግሊዝኛ ፊደል ካልሆነ አይሰማም። መለስኩት፣ መታሁ፣ ዜናው ተከፈተ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም።

ታደሰ እጁን ከመሳቢያው አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?» አለኝ።

ተነሥ ልለው ስንት ቅዳሜ የተዘጋጀሁበት ቃል አፌ ላይ ነበር። አላልኩትም።

«ምንም» አልኩት። «ሻይ ላምጣልህ።»

አሁን የማነበውን ራሴ እከፍታለሁ፣ ራሴ እዘጋለሁ። ታደሰ በየቅዳሜው ይመጣል፤ ወንድሙ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል፣ ምንም አይነካም።